በእጃችን ገብቶ ያመለጠን የዳንስ ትምህርት ቤት

እ.ኤ.አ. በ2004 «ሪዝም ኢዝ ኢት» የተባለ ዘጋቢ ፊልም ጀርመን ውስጥ ወጣ። ከበርሊን ትምህርት ቤቶች የተሰባሰቡ 250 ያህል ልጆች የስትራቪንስኪን «የፀደይ ሥርዓት» ከበርሊን ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ ጋር ሲሠሩ ያሳያል። አብዛኞቹ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ሙዚቃ ሰምተው አያውቁም፤ ብዙዎቹም የስደተኛና የድሃ ሠፈር ልጆች ናቸው። ኦርኬስትራውን የሚመራው ሳይመን ራትል ሲሆን፣ ልጆቹን የሚያሠለጥነው ሮይስተን ማልዱም የተባለ እንግሊዛዊ ኮሪዮግራፈር ነው። ፊልሙ ተሸለመ፤ ከሲኒማ አልፎ የክርክር ርዕስ ሆነ። የጀርመን መምህራንና ወላጆች «ዳንስ ለልጅ ምን ያደርጋል?» እያሉ ተወያዩበት።

ማልዱም ግን ይህን ሥራ በርሊን ላይ አልጀመረውም። ፊልሙ ከመውጣቱ ስምንት ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1996፣ አዲስ አበባ ላይ ሠርቶት ነበር። ያኔ ያሠለጠናቸው ደግሞ የእኛው የጎዳና ልጆች ናቸው። በርሊን እንዲህ ያለውን ሥራ ይዛ ፕሮግራም አደረገችው። እኛ ከበርሊን ቀድመን፣ ከበርሊን የበለጠ አግኝተን፣ ዛሬ በእጃችን የቀረው ትዝታ ነው። የሚያንገበግበውም ይህ ነው። ያላገኘነው ነገር አያስቆጭም፤ የሚያስቆጨው አግኝተነው ያሳለፍነው ነው።

ነገሩን ለማያስታውስ አንባቢ ከሥሩ እናንሣው። ዶ/ር ካርሜላ አባተ ያቋቋሙት ጀሚኒ ትረስት የተባለ ድርጅት አዲስ አበባ ውስጥ መንታ ልጆች የወለዱ ድሃ ቤተሰቦችን ይረዳ ነበር። በድርጅቱ ሥር ወጣቶች ቪዲዮ መቅረጽ የሚማሩበት ክፍልም ነበር። ማልዱም የመጣው በዚሁ በኩል ተጋብዞ ነው። መቶ ያህል ልጆች ተሰበሰቡ። ጫማ የሚጠርጉ፣ ሶፍትና ማስቲካ የሚያዞሩ፣ ታክሲ ላይ የሚጣሩ ልጆች ነበሩ። የተሰጣቸው ሥራ የካርል ኦርፍ «ካርሚና ቡራና» ነው። በትልቅ መዘምራንና በትልቅ ኦርኬስትራ የተቀነባበረ፣ ለጆሯቸው ፍጹም እንግዳ የሆነ ሙዚቃ ነው። ልጆቹ ግን ሠሩት።

ማልዱምን ከሌሎች በጎ አድራጊዎች የሚለየው አንድ ጠባይ አለ፤ በበርሊኑ ፊልምም በግልጽ ይታያል። ለልጆቹ አያዝንላቸውም። ድሃ ናቸው ብሎ ደረጃውን አያወርድላቸውም። መጀመሪያ የሚያስተምራቸው መዝለልን ሳይሆን ዝም ብሎ መቆምን ነው። እጅን ከጎን አድርጎ፣ ዓይንን አንድ ቦታ ተክሎ፣ ሳይስቁና ሳይንሾካሾኩ መቆም። ቀላል ይመስላል። ቀኑን ሙሉ በግፊያና በሩጫ ለሚውል፣ የዱላ ድምፅ በሰማ ቁጥር ለሚበረግግ ልጅ ግን ሁለት ደቂቃ በእርጋታ መቆም ትልቅ ሥልጠና ነው። እዚያ ላይ ያልጸና ሰውነት ሌላውን ሁሉ ቢማረው አይረጋለትም።

ነገሩ በአንድ ትርኢት ቢያበቃ ኖሮ ይህን ሁሉ ባላልን። ስንት እንግዳ መጥቶ ልጆች አስጨፍሮ፣ ፎቶ ተነሥቶ ሄዷል። ይኸኛው አልሄደም። ከልጆቹ መካከል 18ቱ ተመርጠው የአምስት ዓመት የሙሉ ጊዜ ሥልጠና ተከፈተላቸው። ቡድኑም አዱኛ የማኅበረሰብ ዳንስ ቴያትር ተባለ። ሙሉ አምስት ዓመት፣ በነፃ፣ ከውጭ እየተመላለሱ በሚያስተምሩ ባለሙያዎች እጅ፣ አዲስ አበባ ውስጥ፣ ለጎዳና ልጆች።

አምስት ዓመት ምን ይደረግበታል የሚል ይኖራል። «ዳንስ ደግሞ ምን አምስት ዓመት ያስፈልገዋል? እኛ ሠርግ ላይ ያለ መምህር አይደለም ወይ የምንወርደው?» ይህ ጥያቄ የችግራችን ግማሽ ስለሆነ ጠጋ ብለን እንየው።

አንድ ጎበዝ የጎንደር ወይም የወሎ ልጅ እስክስታ ሲወርድ ተመልከቱት። ትከሻው ሲዘል ደረቱ አይከተልም፤ አንገቱ ሲሄድ ትከሻው ይቀመጣል። አንዱን የአካል ክፍል ከሌላው ነጥሎ ማንቀሳቀስ ማለት ይህ ነው። በሌላው ዓለም የዳንስ ተማሪ ይህን ለማምጣት መስታወት ፊት ቆሞ ወራት ይፈጃል። የእኛ ልጅ በነፃ ይዞት ይመጣል። በችክችካ ያደገ ጆሮም እንዲሁ ነው፤ ባለ ስድስቱን ምት አንዴ በሁለት አንዴ በሦስት ከፍሎ መስማትን ማንም ሳያስተምረው ያውቃል። በዚህ ላይ የጉራጌን ፈጣን እግር፣ የወላይታን ወገብ፣ የሸዋ ኦሮሞን አንገት፣ የትግራይን ክብ ዙር፣ የጋምቤላን ዝላይ ጨምሩበት። አንድ አገር ውስጥ ይህን ያህል የተለያየ የሰውነት ዕውቀት ማግኘት ብርቅ ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ጥሬ ሀብት ነው። ከፍተኛ ሥልጠና የሚጨምረው ሌላ ነገር አለ። መውደቅ ራሱ ትምህርት ነው። ያልሠለጠነ ልጅ ሲወድቅ ጉልበቱ ወይም መዳፉ ቀድሞ መሬት ይመታል፤ የሠለጠነው ክብደቱን ከባቱ ወደ ዳሌው፣ ከዳሌው ወደ ጎኑ፣ ከጎኑ ወደ ትከሻው ጀርባ አከፋፍሎ ያለ ድምፅ ወርዶ በዚያው ጉልበት ተመልሶ ይነሣል። ሰው ማንሣትም ትምህርት ነው። ያልሠለጠነው በክንዱ ሊያነሣ ሲታገል ወገቡን ይሰብራል፤ የሠለጠነው ጉልበቱን አጥፎ፣ የጓደኛውን ክብደት ወደ ዳሌው አስጠግቶ፣ እስትንፋሱን ሲያወጣ በእግሩ ኃይል ያነሣል። ከዚያ በላይ ደግሞ ድርሰት አለ፤ የመድረክን ባዶ ቦታ መጠቀም፣ አንድን እንቅስቃሴ ማዘግየት፣ መድገም፣ መገልበጥ፣ የሌላ ሰው ሰውነት ላይ ማዋል። በመጨረሻም ማስተማር አለ። የአዱኛ ልጆች ገና ሲጀመር የሠለጠኑት ዳንሰኛ ብቻ እንዲሆኑ ሳይሆን ሌላውን እንዲያስተምሩም ነበር። ስሙ የማኅበረሰብ ዳንስ የተባለው ለዚህ ነው።

አስተማሩም። ከእንግሊዙ «ካንዱኮ» የዳንስ ቡድን መሥራቾች አንዱ የሆነው አዳም ቤንጃሚን መጥቶ አካል ጉዳተኛና ጉዳት የሌለበት ዳንሰኛ አብረው የሚሠሩበትን መንገድ አሳያቸው፤ ከዚያም አካል ጉዳተኛ ወጣቶች የሚሠለጥኑበት «አዱኛ ፖቴንሻልስ» የተባለ ክፍል ተወለደ። አካል ጉዳተኛ በየቤቱ በሚደበቅበት አገር፣ በክራንችና በተሽከርካሪ ወንበር ያሉ ልጆች መድረክ ላይ ወጡ። ተመልካቹን በሚያሳትፍ የቴያትር ስልት ከአዲስ አበባ ፖሊሶች ጋርም ሠሩ። ትናንት በፖሊስ ይሳደዱ የነበሩ ልጆች ፖሊስን ስለ ጎዳና ልጅ አያያዝ የሚያስተምሩ ሆኑ። ይህን እንግሊዛዊቷ የቴያትር ምሁር ጄን ፕላስቶው ጽፋዋለች፤ የውጭ ተማሪዎች በመጽሐፍ ያነቡታል። የእኛዎቹ የቴያትር ተማሪዎች ስንቶቹ ሰምተውት ይሆን?

የሥልጠናው ደረጃ ምን ያህል እንደነበር ዓለም ራሱ መስክሯል። ሮሌክስ የተባለው የሰዓት ኩባንያ በየጥበብ ዘርፉ ከመላው ዓለም አንድ አንድ ወጣት እየመረጠ ከአንድ ታላቅ ባለሙያ ጋር የሚያጣምርበት ፕሮግራም አለው። እ.ኤ.አ. በ2004 እና 2005 ዙር በሥነ ጽሑፍ ማሪዮ ቫርጋስ ዮሳ፣ በሥዕል ዴቪድ ሆክኒ ወጣት ተቀብለው ነበር። በዳንስ መምህሩ ጃፓናዊው ሳቡሮ ተሺጋዋራ ሲሆን፣ የመረጠው ወጣት ጁነይድ ጀማል ሰንዲ ነው፤ ከአዱኛ፣ ከአዲስ አበባ። ጁነይድና የአዱኛ ጓደኛው አዲሱ ደምሴ «ዴስቲኖ» የተባለ ቡድንም መሠረቱ። እ.ኤ.አ. በ2009 ለንደን ውስጥ በዳንስ ዓለም ስሙ ከፍ ባለው ሳድለርስ ዌልስ መድረክ፣ ራስል ማሊፋንትና ሆፌሽ ሸክተር የደረሷቸውን ሥራዎች አቀረቡ። ታላላቆቹ የለንደን ዳንሰኞች ለመሥራት የሚጓጉላቸው ኮሪዮግራፈሮች ናቸው።

እንግዲህ ጠቅለል አድርገን እንየው። የሠለጠኑ ሰዎች ነበሩን፤ እንዴት እንደሚያስተምሩ የሚያውቁ ነበሩ፤ የተፈተነ የትምህርት መንገድ ነበራቸው፤ ዓለም አቀፍ እውቅናም አግኝተዋል። ትምህርት ቤት ለመክፈት ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? የቀረው ቤትና የሥራ መደብ ነበር። ያንን ማቅረብ የእኛ ድርሻ ነበር፤ አላቀረብነውም።

የሥዕል ትምህርት ቤታችን በ1950 ዓ.ም. ተከፍቶ እስከ ዛሬ ሠዓሊ ያወጣል። ለሙዚቃ የያሬድ ትምህርት ቤት አለ። ለቴያትር ደግሞ ከ1971 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ክፍል ከፍቷል። እነዚህ ሲቋቋሙ አገሩ ከአዱኛ ዘመን የበለጠ ሀብታም አልነበረም። የአዱኛ ልጆች አምስት ዓመታቸውን ሲጨርሱ ግን «ኑ፣ ከእኛ ጋር አስተምሩ» ብሎ የሚረከባቸው የዳንስ ክፍል አልነበረም። ቴያትር ቤቶቹ ተወዛዋዥ ይቀጥራሉ፤ የሚቀጥሩት ግን ለድምፃዊ ማጀቢያ ነው። ተወዛዋዡ ከዘፋኙ ጀርባ ቆሞ ዘፈኑ ሲያልቅ አብሮ የሚያልቅ ነው። ኮሪዮግራፈር የሚባል የሥራ መደብ፣ ዳንስ ብቻውን የሚቀርብበት ምሽት፣ ዳንሰኛ በየቀኑ የሚሠለጥንበት ሰዓት፤ እነዚህ ከመዋቅሩ ውስጥ ቦታ አላገኙም። አሥራ ስምንቱም የተበተኑት በጠላት እጅ አይደለም። ቡድኑ ዕርዳታ ባገኘ ቁጥር ተሰብስቦ፣ ዕርዳታው በነጠፈ ቁጥር ሲላላ፣ እያንዳንዱ በየፊናው እንጀራውን ፍለጋ ሄደ። በዚያ ስፋትና በዚያ ርዝመት ሁለተኛ ዙር ሠልጣኝ የሚቀበል፣ በመንግሥት በጀት የተተከለ ትምህርት ቤት አልተተካም።

ለምን? ገንዘብ ዋናው ምክንያት አይመስለኝም። ዋናው ምክንያት ንቀት ነው። ልጁ ቫዮሊን ተሸክሞ ሲገባ የሚደሰት ወላጅ፣ ዳንስ እማራለሁ ሲለው «ጨፍረህ ልትበላ ነው?» ይለዋል። ከባላባት ዘመን ጀምሮ አዝማሪን እየሸለምን የምንንቅ፣ እየተዝናናንበት ልጃችንን የማንድርለት ሕዝብ ነን። ውዝዋዜን ደግሞ ከዚያም አሳንሰን፣ ማንም የሚያውቀው፣ ስለዚህ ማንም መማር የማያስፈልገው ነገር አድርገን አየነው። የሁሉም መሆኑ ክብሩ መሆን ሲገባው ንቀት አመጣበት። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ያሉት አባቶቻችን ይህንኑ ነው።

ያመለጠን ዕድል ደግሞ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1965 ጂዮርጂ ማርቲንና ባሊንት ሻሮሺ የተባሉ የሃንጋሪ ተመራማሪዎች መጥተው የየአካባቢውን ውዝዋዜና ሙዚቃ እየዞሩ ቀርጸው ሄዱ። ቲቦር ቫዳሲ የተባለው ሌላው ሃንጋሪያዊ ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስለ ኢትዮጵያ ውዝዋዜ በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ በተከታታይ ጻፈ። ያ ጅምር ትምህርት ቤት ሊሆን ይችል ነበር፤ የቤተ መጻሕፍት ወረቀት ሆኖ ቀረ። በደርግ ዘመን የኪነት ቡድኖች ነበሩ። ልጅ ከቀበሌ ኪነት ተነሥቶ ወደ ከፍተኛ፣ ከዚያም ወደ ክፍለ ሀገር ያድግ ነበር። የወሎ ላሊበላ፣ የጎንደር ፋሲለደስ፣ የጎጃም ግሽ ዓባይ ስማቸው ዛሬም ይነሣል። ዓላማው ፕሮፓጋንዳ ነበር፤ እውነት ነው። ነገር ግን ከታች ተሰጥኦ ፈልጎ የሚያወጣ መሰላልም ነበር። በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲወድቅና ጦሩ ሲበተን የጦሩ ኦርኬስትራዎች ከነተወዛዋዦቻቸው ተበተኑ፤ መሰላሉም አብሮ ወደቀ። ፕሮፓጋንዳውን ጥለን መሰላሉን ማስቀረት እንችል ነበር። ሌላ መሰላል ግን አልሠራንም።

«ድሃ አገር ነን፤ ከዳቦ በፊት ዳንስ አይቀድምም» የሚል መልስ ይሰማል። ቡርኪና ፋሶ ከእኛ አትበለጽግም። ሳሊያ ሳኑና ሰይዱ ቦሮ የተባሉ ሁለት ዳንሰኞቿ ግን ውጭ አገር ሠርተው ያገኙትን ይዘው ተመልሰው፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ዋጋዱጉ ላይ «ላ ተርሚቲዬር» የተባለ የዳንስ ማዕከል ከፈቱ። ሴኔጋልም እንደ እኛ ዕድል አምልጧት ያውቃል። ፕሬዚዳንት ሴንጎርና ኮሪዮግራፈሩ ሞሪስ ቤዣር እ.ኤ.አ. በ1977 ዳካር ላይ የከፈቱት «ሙድራ አፍሪክ» የዳንስ ትምህርት ቤት በ1982 ተዘጋ። ዳይሬክተሯ ዤርሜን አኮኚ ግን አልቅሳ አልተቀመጠችም። በ1998 ቱባብ ጃላው በምትባል የባሕር ዳር መንደር የራሷን ትምህርት ቤት፣ «ኤኮል ዴ ሳብልን»፣ መሠረተች። አፍሪካዊ ዳንሰኛ ለከፍተኛ ሥልጠና አውሮፓ መሄድ ብቻ አማራጩ እንዳይሆን ያደረገ ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የቬኒስ ቢየናሌ ወርቃማውን አንበሳ ሸለማት። ልዩነቱ ገንዘብ አይደለም። እነሱ የተዘጋውን በር መልሰው ከፈቱ፤ እኛ ክፍት ሆኖ የመጣልንን በር ቆመን አየነው።

ከሁሉ የሚቆረቁረው ግን ሃይፋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 እስራኤላዊቷ ሩት ኤሽል ከኢትዮጵያ የሄዱ ቤተ እስራኤል ተማሪዎችን ሰብስባ በሃይፋ ዩኒቨርሲቲ «እስክስታ» የተባለ የዳንስ ቴያትር አቋቋመች። በ2005 ደግሞ «ቤታ» የተባለው ቡድን ተመሠረተ፤ ኋላም የትውልድ ሥሯ ኢትዮጵያ የሆነው ደጌ ፈደር መራችው። የትከሻው እንቅስቃሴ በዝርዝር ተጠና፤ ከዘመናዊ ዳንስ ጋር ተዋሐደ፤ አዲስ ድርሰት ሆነ። ለእነርሱ ደስ ይበላቸው፤ ሥራቸው የሚያኮራ ነው። ነገር ግን የጎንደር ትከሻ ዩኒቨርሲቲ የገባው በሃይፋ መሆኑን ስታስቡ ምን ይሰማችኋል?

በሌላ በኩል ያለውን ክርክር ቸል አልልም። አዱኛ የለጋሽ ፕሮጀክት ነበር፤ ለጋሽ ሲደክመው መድከሙ አይቀርም። ልጆቹ የተማሩት ዘመናዊ ዳንስ ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ ትኬት ገዝቶ የሚያየው ሰው ጥቂት ነበር። ትምህርት ቤት ቢከፈትላቸው ኖሮም ወደ ውጭ ይኮበልሉ ነበር የሚልም አለ። ሦስቱም ውስጥ እውነት አለ። ግን ልብ በሉ፤ የለጋሽ ገንዘብ ማለቁ አስቀድሞ የሚታወቅ ነገር ነው። ስለዚህ አምስቱ ዓመት የተሰጠን ለመዘጋጃ ነበር። ተመልካች ደግሞ በትምህርት ቤት ይሠራል እንጂ ከሰማይ አይወርድም፤ ያሬድ ሲከፈትስ ፒያኖ ለመስማት የሚሰለፍ ሕዝብ ነበር ወይ? መኮብለሉን ካነሣን ደግሞ፣ ጁነይድና አዲሱ ቶኪዮንና ለንደንን አይተው አዲስ አበባ ላይ ቡድን አቋቁመው ሌላ ወጣት አሠልጥነዋል። ሰዎቹ ተመልሰው ነበር። መመለሻውን ያላዘጋጀነው እኛ ነን።

ዛሬ ተሰጥኦ ያለው ልጅ ምን አለው? ስልክ አለው። የናይጄሪያን፣ የኮሪያን፣ የአሜሪካን ዳንስ በስልኩ እያየ፣ እያስቆመና እየመለሰ ይማራል። አንዳንዶቹ ልጆች በዚህ መንገድ የደረሱበት ደረጃ ያስገርማል። የሚለማመዱት ግን ወጣት ማዕከል ውስጥ ሴራሚክ ላይ ወይም ግቢ ውስጥ ሲሚንቶ ላይ ነው። ሲሚንቶ ኃይልን አይውጥም። በእያንዳንዱ ዝላይ የወረደው ኃይል ተመልሶ ቅልጥም ላይ ይገባል፤ ከዚያ የቅልጥም ሕመም፣ ከዚያ ጉልበት፣ ከዚያ ወገብ። ዳንስ የሚሠራበት ወለል ከሥሩ ክፍት ቦታ ያለው፣ ሲረግጡት በትንሹ ዝቅ ብሎ የሚመለስ የእንጨት ወለል ነው። የጎማ ቁራጭ፣ ተሻጋሪ እንጨትና ጣውላ እንጂ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ነገር የለውም፤ የሠፈር አናጢ ይሠራዋል። ልጁ ግን እሱ እንደሚያስፈልግ የሚነግረው መምህር የለውም። በሃያ ዓመቱ ክሊፕ ላይ ይታያል፤ ቀን ከሌት ተቀርጾ የቀን አበል ይቀበላል፤ ሠርግና የባህል ምግብ ቤት ይሠራል። ዘፋኙ በዘፈኑ ይታወቃል፤ የእሱ ስም በክሊፑ መጨረሻም አይጻፍም። ሠላሳ ሲሞላው ጉልበቱ ይታመማል፤ ሌላ ሥራ ይፈልጋል።

የዳንሰኛን ቁጭት ከሌላው የሚለየው ይኸው ነው። ድምፃዊ በስልሳ ዓመቱ ይዘፍናል፤ ሠዓሊ በሰማንያው ይሥላል። የዳንሰኛ ዕድሜ አጭር ነው። በልጅነቱ ካልጀመረ፣ በሃያ አምስቱ ከፍታው ላይ ካልደረሰ፣ ያመለጠው አይመለስም። ከአዱኛ በኋላ በየዓመቱ አሥራ ስምንት ልጆች ባይሆኑ አሥራ ስምንት በየአምስት ዓመቱ ቢሠለጥኑ ኖሮ ዛሬ ስንት ዙር ወጥቶ ነበር? አንባቢ ራሱ ይደምረው። እነዚያ ልጆች ተወልደው ነበር፤ ትከሻና እግር ነበራቸው፤ ዕድሜያቸው አልፏል።

በዚህ መሐል ተቋም ሊሠራው የሚገባውን ሥራ ግለሰብ ብቻውን ሲሸከም አይተናል። መላኩ በላይ ካዛንቺስ ውስጥ አዝማሪ ቤት ሲሠራ ቆይቶ ፈንድቃን ራሱ ተረከበ፤ ከአዝማሪ ቤት ወደ ባህል ማዕከልነት አሳደገው። «ኢትዮከለር» በተባለው ቡድኑ እስክስታን በዓለም መድረክ አዞረ፤ ፈረንሳይም ኒሻን ሰጠችው። በ2017 ዓ.ም. መግቢያ ካዛንቺስ ሲፈርስ ፈንድቃም ከቦታው ተነሣ። ሰው ሁሉ ያኔ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ አለቀሰ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ቤቱ እያለ ስንቶቻችን «ይህ ተመዝግቦ የሚጠበቅ ቅርስ ይሁን» ብለን ጠየቅን?

ከዚህ ሁሉ ቁጭት በኋላ የሚቀረው ምንድን ነው? አንድ ነገር አለ፤ እሱም ሰዓት ተቆርጦለታል። እ.ኤ.አ. በ1996 ልጅ የነበሩት የአዱኛ ሰዎች ዛሬ አርባ ዓመትን የተጠጉ ወይም ያለፉ ናቸው። ለዳንሰኛ አርባ ዓመት የመድረክ ማምሻ ሲሆን፣ ለዳንስ መምህር ግን ዋናው ዕድሜ ነው። ሰውነቱ ገና ያሳያል፤ አእምሮው በስሏል። አሥር ዓመት ከቆየን የሚያውቁትን በአፍ እንጂ በአካል ሊያስተላልፉት አይችሉም። ዳንስ ደግሞ በአፍ አይተላለፍም።

የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። ከተማዋ በየክፍለ ከተማው ከምትሠራቸው አዳራሾች በአንዱ ትክክለኛ የእንጨት ወለል ይነጠፍ። ከአሥራ ሁለት እስከ አሥራ ስድስት ዓመት ያሉ ልጆች በፈተና ይመረጡ፤ በነፃ ይማሩ፤ ምሳና የታክሲ ይታሰብላቸው፤ ድሃውን ልጅ ከትምህርት የሚያስቀረው ክፍያው ሳይሆን የምሳና የታክሲ ወጪው ነውና። በልምድ የሠለጠኑት መምህራን ዲግሪ የላቸውም ተብሎ በር እንዳይዘጋባቸው፣ ለአናጢና ለኤሌክትሪክ ባለሙያ የሚሰጠው የብቃት ምዘና ለዳንስ አሠልጣኝም ይዘጋጅ። ቴያትር ቤቶቹ ኮሪዮግራፈር የሚባል መደብ ይክፈቱ፤ በወር አንድ ምሽት ዳንስ ብቻውን ይታይ። ወላጅም ልጁ «ዳንስ እማራለሁ» ሲለው ከመሣቁ በፊት አንድ ጊዜ ሥልጠናውን ሄዶ ይይ።

ባለፈው ጊዜ ዕድሉን ያባከነው ማን እንደሆነ ስንጠየቅ «የፈረንጅ ፕሮጀክት ነበር፤ ፈረንጁ ሲሄድ አለቀ» ብለን ማምለጥ ችለን ነበር። አሁን ግን መምህራኑ የእኛው ናቸው፤ የሚኖሩትም የምናውቃቸው ሠፈሮች ውስጥ ነው። አሁን ካልጠራናቸው ሁለተኛውን ጥፋት የምናላክክበት ፈረንጅ አይኖርም።